አማላጅ ወይስ ምስክር? የአንዲት የደቡብ ወሎ አመልካች ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎች

ጥቅምት 2016 መጨረሻ ላይ አመልካቿ ሦስት ደብዳቤ በእጇ ነበራት። አንዱ ከቀበሌ፣ አንዱ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ከትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህር። ሦስቱም ራስጌ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ክብ ማኅተምና ቲተር አላቸው። እነሱን ለማግኘት አምስት ቀን ተመላልሳለች፤ የወረዳውን ለማስፈረም ብቻ ኃላፊው ከስብሰባ እስኪመለሱ ሁለት ቀን በር ላይ ተቀምጣለች። ከሦስቱ አንዱም አልተላከም። ለምን እንዳልተላኩና በምን እንደተተኩ ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ልጅቱ የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነች። የተማረችው ከደሴ በስተሰሜን፣ በሐይቅ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ያመለከተችበት የመጀመሪያ ዲግሪ ስኮላርሺፕ ለአፍሪካ ወጣቶች የሚሰጥ ሲሆን ከውጤት ጋር አመራርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን ይመዝናል። የእሷም ሆነ የፕሮግራሙ ስም እዚህ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ ፕሮግራም ይሁን ጆሃንስበርግ የሚገኘው አፍሪካን ሊደርሺፕ አካዳሚ፣ እንዲህ ያሉ ዕድሎች ከአመልካቹ ድርሰት ሌላ የሚፈልጉት ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ልጁን ሥራ ላይ ያየ ሰው።

በዚህኛው የተጠየቁት ሁለት ደብዳቤዎች ናቸው። አንዱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ካስተማራት መምህር፣ ሌላው አገልግሎቷን በቅርብ ካየና ዘመዷ ካልሆነ ሰው። ርዝመቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ በሌላ ቋንቋ ከሆነ የተረጋገጠ ትርጉም ይያያዝለታል። የሚጭነውም ጸሐፊው ራሱ ነው፣ በኢሜይሉ በሚደርሰው ሊንክ። የመጨረሻው ቀን ኖቬምበር 30 ቀን 2023፣ በእኛ ኅዳር 20 ነበር።

የቀበሌው ደብዳቤ ጽሑፍ ይህ ነው፦ «ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፦ የድጋፍ ደብዳቤ ስለመስጠት። ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ወጣቷ የቀበሌያችን ነዋሪ ስትሆን መልካም ሥነ ምግባር ያላት፣ ታታሪና በማኅበራዊ ኑሮዋ የተመሰገነች መሆኗን እየገለጽን አስፈላጊው ትብብር ሁሉ እንዲደረግላት በአክብሮት እንጠይቃለን።» ለመታወቂያ ወይም ለነዋሪነት ማረጋገጫ ቢሆን እንከን የለውም። ክብደቱ ግን ያለው ማኅተሙ ላይ ነው፤ «ትብብር ይደረግላት» የሚለው ቃልም ደብዳቤውን አማላጅ ያደርገዋል። አማላጅ ተሰሚነቱን ያበድራል እንጂ ያየውን አይናገርም። የስኮላርሺፕ ገምጋሚ ደግሞ የወረዳ ኃላፊው ማን እንደሆኑ አያውቅም፤ ማኅተሙንም ማንበብ አይችልም። እሱ የሚጠይቀው እዚሁ ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ለዳኝነት ሲቀመጥ ምስክርን የሚጠይቀውን ነው፦ «አየህ ወይስ ሰማህ?»

የርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ትንሽ ይሻላል፤ ውጤቷን ይጠቅሳል። ርእሰ መምህሩ ግን አስተምረዋት አያውቁም። ፎርሙ ላይ «አመልካቿን በምን ሁኔታ፣ ለምን ያህል ጊዜ አወቋት?» ለሚለው ጥያቄ የሚኖራቸው እውነተኛ መልስ «ስሟን ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ዝርዝር» የሚል ነው።

ስለዚህ ፍለጋው ከዜሮ ተጀመረ። ማመልከቻውን የምታግዛት አንዲት የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪ ነበረች፤ መጀመሪያ ያደረገችው የፎርሙን ጥያቄዎች ወደ አማርኛ መልሶ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። አመልካቿ ሌሎችን ስትመራ ያዩበትን አንድ ጊዜ ይግለጹ። ያልተሳካላትን አንድ ነገርና ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ይግለጹ። ከእኩዮቿ በምን ትለያለች? ቀጥሎ «ለእያንዳንዱ ጥያቄ በዓይኑ ያየ ማነው?» ተብሎ ስም ተጻፈ። እዚህ ላይ ነገሩ ራሱን አሳየ። ሁለት ስም ደጋግሞ መጣ፦ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ያስተማራት የባዮሎጂ መምህርና ልጅቱ ያስተማረችበትን የክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት ያስተባበረችው የአንደኛ ደረጃ መምህርት።

ሦስተኛም ስም ነበር። ትምህርቱ የተሰጠው በቅሬው አዳራሽ ነው (ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል)፣ አግዳሚ ወንበሩንና ቁልፉን የሰጡትም የቅሬው ሰብሳቢ ናቸው። እሳቸው ደብዳቤ ለመጻፍ ከሁሉም በላይ ፈቃደኛ ነበሩ። ግን የእናቷ የአክስት ልጅ ናቸው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ይህን የሚያወጡት ፕሮግራሞች የሚያስቡት አይመስልም። ደንቡ ግን ደንብ ነው። ደግሞም ያዩት ቁልፍ ሲሰጥና ሲመለስ እንጂ ስታስተምር አይደለም። ቅር እንዳይላቸው ከእናቷ ጋር ቤታቸው ሄዳ «ሐጂ፣ ደብዳቤው ከመምህራን ብቻ ነው የተባልነው፤ ምናልባት ከደወሉ ግን አዳራሹን የሰጡን እርስዎ መሆንዎን ይንገሩልን» አለቻቸው። ስልካቸው በመምህርቷ ደብዳቤ ግርጌ ለማጣሪያ ተጻፈ። ሦስተኛ ደብዳቤ አልተላከም፤ ሁለት ሲባል ሦስት መላክ መመሪያ ያለማንበብ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል።

የባዮሎጂው መምህር መልስ እንደተለመደው ነበር፦ «አብሽሪ! አንቺው ጻፊውና አምጪው፣ እፈርማለሁ።» በቅንነት የተባለ ነው፤ አብዛኛው መምህር የሚለውም ይህንኑ ነው። ችግሩ ሦስት ነው። ፎርሙ ላይ አመልካቿ «ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋለች፤ ራሷ ከጻፈችው ውሸት ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ድርሰቷና ሁለቱ ደብዳቤዎች ከአንድ እጅ ሲወጡ አንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ይመላለሳል፣ ገምጋሚውም ሦስቱን ጎን ለጎን ነው የሚያነበው። ሦስተኛው ከሁለቱ ይብሳል፤ የ18 ዓመት ልጅ ስለራሷ ስትጽፍ ይሉኝታ ይይዛትና እውነተኛውን ነገር ትታ «ታታሪ፣ ቅን፣ ታማኝ» ላይ ትወድቃለች።

በማግስቱ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይዛ ተመለሰች፦ «ቲቸር፣ ያዩትን ጠቅሰው ራስዎ ሊጽፉልኝ ጊዜ ይኖርዎታል? ካልተመቸዎት ሌላ መምህር እጠይቃለሁ፣ አልቀየምም።» የመጨረሻዋ ሐረግ ለጌጥ የተጨመረች አይደለችም። እኛ ዘንድ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ሳይፈልግ እሺ ያለ ሰው ቀኑ ሲደርስ ይጠፋል፤ መውጫ በር ክፍት ሲሆን ግን እሺታው እሺታ ነው። የቀረው ጊዜ 19 ቀን ነበር። ከሁለት ሳምንት በታች ሲሆን መምህር የሚያደርገው የቆየ ደብዳቤ ከፍቶ ስም መቀየር ነው።

ከጥያቄው ጋር አንድ ገጽ ማስታወሻ ሰጠችው። ሙሉ ስሟ እስከ አያት፣ በፓስፖርቷ ላይ ባለው አጻጻፍ። ፕሮግራሙ የሚመዝናቸው ነገሮች በሁለት መስመር። ያስተማራት ክፍሎችና ዓመታት በሁለቱም አቆጣጠር። የመጨረሻው ቀንና ሰዓት። ሊንኩ ከየትኛው የኢሜይል አድራሻ እንደሚመጣና ስፓም ውስጥ ሊገባ እንደሚችል። መምህርቷ ስለምን እንደምትጽፍ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ እንዳይነገር። በመጨረሻም «የመጻሕፍት ክፍሉ፣ ጥር 2014»፣ «የጠፉት መጻሕፍት»፣ «በጄኔቲክስ ክፍለ ጊዜ የጠየቅሁት» የሚሉ ሦስት አጫጭር ማስታወሻዎች። አንድም ቅጽል የለበትም። ማስታወስ የአመልካች ሥራ ነው፤ ማመስገን የጸሐፊው።

እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው ረቂቅ የመጣው ከድሮው ደብዳቤ ነው። በአማርኛ ሲመለስ፦ «እሱ በጣም ታታሪ፣ ታማኝና ቅን ተማሪ ነው። የአመራር ችሎታው ከፍተኛ ነው። ወደፊት ለአገሩ ትልቅ ሰው እንደሚሆን አልጠራጠርም።» «እሱ» የተባለው ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈለት ወንድ ተማሪ ነው። አማርኛ ግሱ ራሱ ጾታውን ስለሚናገር ዓይናችን ስህተቱን ቶሎ ይይዘዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን በሁለት ፊደል ውስጥ ተደብቆ ያልፋል።

የረዳው ብልሃት ቀላል ነው። መምህሩ የእንግሊዝኛ ገጽ ፊት ሲቀመጥ ቃል ያጥረዋል እንጂ ሲያወራ አያጥረውም። ስለዚህ ረዳቷ ልጅቱ በሌለችበት ሻይ ቤት አገኘችውና ጥያቄዎቹን በአማርኛ ጠየቀችው፣ ስልኩ ላይም ቀዳው። ሃያ ደቂቃ አወራ። በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚከተለው ወጣ።

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ በአካባቢው ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋል። በዚህኛውም ጥር ላይ ትምህርት ሲጀመር የመጻሕፍት ክፍሉ በር ተገንጥሎ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተበትነው ነበር። ልጅቱ ማንም ሳይጠይቃት ከአራት ተማሪዎች ጋር እየመጣች ለስድስት ቀን ከሰዓት በኋላ ለየቻቸው፤ የረጠበውን ፀሐይ ላይ፣ የተገነጠለውን ለብቻ። ከዚያ ማዋስ ጀመሩ፣ ግን መዝገብ አልያዙም። በመጀመሪያው ወር ዘጠኝ የባዮሎጂ መጽሐፍ ጠፋ። ራሷ መጥታ ነገረችው። በማግስቱ ባለ 50 ሉክ ደብተር አስምራ ስም፣ ክፍል፣ ቀንና ፊርማ መቀበል ጀመረች፤ ከዘጠኙም ስድስቱን ከየቤቱ ሰበሰበች።

መምህሩ ስለ መጽሐፉ መጥፋት መጻፍ አልፈለገም። «ይሄማ ስም ማጥፋት ነው፤ ልጅቱን ልጎዳት?» አለ። ይህ ፍርሃት በአብዛኛው የአገራችን ደብዳቤ ውስጥ አለ፣ ለዚህም ነው «ያልተሳካላት ነገር» የሚለው ጥያቄ ባዶ የሚቀረው፣ ወይም «ከመጠን በላይ መሥራቷ» የሚል ቀልድ የሚጻፍበት። ገምጋሚው ግን ዘጠኝ መጽሐፍ ያጠፋችዋን ሳይሆን ጥፋቷን ራሷ ተናግራ በማግስቱ ደብተር ያሰመረችዋን ነው የሚያነበው። የመጻሕፍት ክፍሉን መለየትማ ማንም ሊያደርገው ይችላል። መምህሩ ሁለት ቀን አስቦበት ጻፈው። እንግሊዝኛውን ራሱ ጻፈ፤ የሥራ ባልደረባው ሰዋስውን ብቻ አረመለት። 410 ቃል ሆነ፣ አንድ ገጽ።

በዚያው ደብዳቤ ሁለት አረፍተ ነገር ለውጤቷ ማብራሪያ ተሰጠ። በብሔራዊ ፈተናው ያመጣችው 56 ከመቶ ነው። ውጭ አገር ያለ አንባቢ 56ን ሲያይ ደካማ ተማሪ ይመስለዋል። በ2015ቱ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.2 ከመቶ ብቻ መሆኑን አመልካቿ ራሷ ብትለው ሰበብ ይመስላል፤ ከመምህር ሲመጣ መረጃ ነው።

የደረጃ ሰንጠረዡ ላይም ተመሳሳይ ትግል ነበር። በስምንት መስፈርት «ካስተማሯቸው ሁሉ ከላይ 1 ከመቶ፣ 5 ከመቶ፣ 10 ከመቶ፣ 25 ከመቶ፣ አማካይ» ይላል። መምህሩ ስምንቱንም 1 ከመቶ ላይ ምልክት አደረገ። ሒሳቡ ተሠራለት፦ 11 ዓመት አስተምሯል፣ በዓመት አራት ክፍል፣ በክፍል 60 ተማሪ፤ ወደ 2,640 ሰው። አንድ ከመቶው 26 ሰው ነው። «ከእነዚያ 26 ውስጥ በንግግር ችሎታ አለችበት?» ሲባል ሳቀ፤ ልጅቱ ዝምተኛ ነች። በኃላፊነት ስሜት 1 ከመቶ፣ በትምህርት 5፣ በንግግር 25 ተሞላ። ስምንት አንደኛ ያለበት ፎርም ምንም አይናገርም፤ ከፍና ዝቅ ያለበት ግን ሰውዬው አስቦ እንደሞላው ያሳያል።

የመምህርቷ ደብዳቤ ብዙ አላስቸገረም፤ በክረምቱ የመቆጣጠሪያ ደብተር ይዛ ነበርና። ትምህርቱ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሰባት ሳምንት ተሰጥቷል። 43 ተመዝግበው በሁለተኛው ሳምንት 19 ከትምህርት ቀሩ። ልጅቱ የቀሩትን ቤት ለቤት ስትጠይቅ ምክንያቱ አረም ሆኖ ተገኘ፤ ጠዋት ልጆቹ ማሳ ላይ ናቸው። ክፍለ ጊዜው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወደ ከሰዓት 10 ሰዓት ተዛወረ፣ የገበያ ቀንም ተዘለለ፣ ቁጥሩ ወደ 36 ተመለሰ። መምህርቷ ይህን በስድስት መስመር ጻፈችው፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም ነበር። መጨረሻ ላይ «ትልቅ መሪ ትሆናለች» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብታ ነበር፤ ራሷ ሰረዘችው።

ቀሪው ችግር ሁሉ የመላክ ነበር፣ ብዙ ጥሩ ደብዳቤም የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። መምህሩ ኢሜይሉን የሚያየው በስልኩ ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም ረስቶታል። መደበኛ መስመር ያለው ኢንተርኔት ቤት ለማግኘት ሁለቱም መምህራን በአንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ደሴ ወረዱ። የኢሜይሉ የማረጋገጫ ኮድ በአጭር መልእክት ስለሚመጣ የተመዘገበበት ሲም ካርድ አብሮ መኖር ነበረበት፤ ይህን አስቀድሞ ያሰበው ሰው አልነበረም፣ በዕድል ሲሙ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። ሊንኩ ስፓም ውስጥ ነበር።

ፕሮግራሙ ከመሥሪያ ቤት ኢሜይል እንዲላክ ይመክራል። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር እንዲህ ያለ አድራሻ የለውም። አመልካቿ አሥር ቀን ቀደም ብላ ይህንኑ በሦስት መስመር ጽፋ ጠየቀች፤ የግል ኢሜይል ይበቃል፣ ደብዳቤው ግን የትምህርት ቤቱ ራስጌና ስልክ ይኑረው የሚል መልስ መጣ። ማኅተሙ እዚህ ላይ ሥራ አገኘ፤ ራስጌውና ማኅተሙ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ያረጋግጣሉ። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሰጠው፣ ቀንም ጻፈበት፦ 12/03/2016።

ያ ቀን ማመልከቻውን ሊያበላሽ ምንም አልቀረውም። ኅዳር 12 ማለት ነው። ውጭ አገር ያለ አንባቢ ግን እ.ኤ.አ. 2016 ማርች ብሎ ያነበዋል፤ ልጅቱ ገና አንደኛ ደረጃ ሳለች የተጻፈ ደብዳቤ ሆነ ማለት ነው። የመዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ባለበት ሆኖ፣ በደብዳቤው አናት ላይ ወሩ በፊደል «22 ኖቬምበር 2023» ተብሎ ተጻፈ። ጽሑፉ ውስጥ ያለው «2014»ም «2021/22» ሆነ። የአባቷ ስም መሐመድ በፓስፖርቷ ላይ በ«ዩ»፣ በትራንስክሪፕቷ ላይ በ«ኦ» ነው የተጻፈው፤ በሁለቱም ደብዳቤ የፓስፖርቱ ተወሰደ፣ የትራንስክሪፕቱ ልዩነት ደግሞ አመልካቿ በምትሞላው የማብራሪያ ቦታ ላይ በአንድ መስመር ተገለጸ።

ሰዓቱስ? መመሪያው 23፡59 በግሪንዊች ሰዓት ይላል። በእኛ ኅዳር 20 ለ21 አጥቢያ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው «ገና ሌሊት አለን» ብሎ ይዘናጋል። ማስታወሻው ላይ የተጻፈው ግን «ኅዳር 15» ብቻ ነበር፤ አምስቱ ቀን ለመብራትና ለኔትወርክ የተተወ ነው። የመምህሩ ፋይል በስልክ ፎቶ የተነሳ ስለነበር 7 ሜጋባይት ሆኖ አልጫን አለ፣ ገደቡ 2 ነው። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ በስካነር በጥቁርና ነጭ ተነሥቶ 400 ኪሎባይት ሆነ። ማኅተሙም ይነበባል። የሁለቱም ደብዳቤ «ደርሶናል» የሚል መልስ የመጣው ኅዳር 15 ከሰዓት በኋላ ነው።

ጥር ላይ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ከጠያቂዎቹ አንዷ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ሦስቱ መጻሕፍትስ?» አለቻት። አንዱ ከተማሪው ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ሁለቱ እስካሁን አልተገኙም፣ ብላ መለሰች፤ ደብተሩን ይዛ ነበር የገባችው። ሚያዝያ ላይ ከተጠባባቂዎች ተርታ ሆነች፣ ሰኔ ላይ ቦታ አገኘች።

በጥቅምት 2017 ሁለት ተማሪዎች ለዚያው ስኮላርሺፕ ደብዳቤ ፈልገው ወደዚያው የባዮሎጂ መምህር መጡ። የአንደኛዋን ማስታወሻ ተቀበለና ሻይ ቤት ቀጠራት። ለሁለተኛው ግን «አስተምሬሃለሁ እንጂ ሥራ ላይ አላየሁህም፤ ቀይ መስቀል ክበብ ውስጥ አብራህ የሠራችውን መምህርት ጠይቅ» አለው። ልጁ ትንሽ ከፋው፣ ቢሆንም ሄዶ ጠየቃት።